ሆሊውድ ያልደረሰው ተዋናይ

ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ ሲያርፍ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ሁለት ቅጽል አከታትሎ ሰጠው፤ አንዱ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ»፥ ሁለተኛው «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» የሚል። ለማመስገን እንደ ሆነ ይገባኛል። ዳሩ ግን አንድ ሰው በሁለት አሜሪካውያን ስም ተጠርቶ ሲያበቃ ለገዛ ስሙ የሚተርፍለት ቦታ ምን ያህል ነው? ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ቅጽሎቹን ወደ ጎን እንተዋቸውና እምብዛም ያልተነገረለትን አንድ ነገር ላንሣላችሁ። ይኸውም ይህ ሰው ከሙዚቃው ባላነሰ ሲኒማን ይመኝ የነበረ መሆኑ፥ ሲኒማው ሳይሳካለት በመቅረቱም ምኞቱ ሁሉ በሸክላዎቹ ውስጥ መግባቱ ነው። (እሱ እያልሁ ስጽፍ ያላከበርኩት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ ዘፋኝን አንቱ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም ብዬ እመልስለታለሁ።)

ዓለማየሁ በ1933 ዓ.ም. ተወለደ፤ ያደገው አዲስ አበባ ነው። በእሱ የልጅነት ዘመን ለአንድ የከተማ ልጅ ዓለም የምትታየው በሲኒማ ቤት መጋረጃ ላይ ነበር። በእነ ሲኒማ አምፒርና በእነ ሲኒማ ኢትዮጵያ የሚታየው የአሜሪካ ፊልም የብዙውን ወጣት ጠጉር አበጣጠር፥ የሱሪ ስፌትና አረማመድ ለውጦ ነበር። ብዙዎቹ ጠጉራቸውን አበጥረው ወደ ቤታቸው ገቡ። ዓለማየሁ ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው ድረስ አምኖት ኖሮ፥ አንድ ቀን ሆሊውድ እሄዳለሁ ብሎ ከቤቱ ጠፋ። በኋላ ራሱ እንዳወጋው ጉዞው ምፅዋ ድረስ ወስዶታል፤ ከዚያ በመርከብ ለመሻገር ነበር አሳቡ። መርከቡ ቀረና ልጁ ወደ ቤተ ሰቡ ተመለሰ።

ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚያወጣው አሮጌው መንገድ በደሴ የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ ያ ኮብላይ በእኛ በኩል አልፎ ይሆናል እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። መቸም ለወሎ ሰው እንዲህ ያለው አሳብ ደስ ይለዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ተቀበለው። መጀመሪያ ጠጉሩን አሳድጎ፥ አለባበሱን የአሜሪካ አድርጎ የኤልቪስ ፕሪስሊን ዘፈኖች በእንግሊዝኛ ይዘፍን ነበር። ሰውም ወደደው፤ ነገር ግን የእውነት ስሙ የገነነው በአማርኛ መዝፈን ከጀመረ ወዲህ መሆኑን እሱ ራሱ ሳይደብቅ ተናግሯል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሬዲዮ የውጭ አገር ዘፋኝን ድምፅ ያመጣል፤ ዘፋኙ ትከሻውን እንዴት እንደሚሰብቅ፥ ማይክሮፎኑን እንዴት አድርጎ አንገቱን እንደሚያንቅ ግን አያሳይም። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ እሱም ቢሆን በመጀመሪያ የአዲስ አበባ ነገር ነበር። እንግዲህ ከዚያ አስቀድሞ ገላን ማዘዝ የሚማር ዘፋኝ ትምህርት ቤቱ ሲኒማ ቤት ብቻ ነበር ማለት ነው። ዓለማየሁ ሆሊውድ ባይደርስም ሆሊውድን በሳንቲም ትኬት ተምሮታል።

አሁን «ሶል» ወደሚባለው ሙዚቃ ልምጣ። ቃሉ ነፍስ ማለት ነው። ጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያናቸውን ዝማሬና ስብከት ወደ ዳንስ ቤት አውጥተው የሠሩት ሙዚቃ ስለ ሆነ፥ ዘፋኙ እንደ ሰባኪ ይጮኻል፥ ይማልዳል፥ ይንበረከካል። እንዲህ ያለውን ሙዚቃ በጆሮ ብቻ መስማት ግማሹን መስማት ነው። አሜሪካኖቹም ይህን ያውቁ ነበርና ካሜራቸውን ከዘፋኞቹ ፊት አላነሡም። ጄምስ ብራውን በ1964 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቲ.ኤ.ኤም.አይ. ሾው ፊልም ላይ ሲወድቅና ሲነሣ ይታያል። አይዛክ ሄይስ በ1971 ለወጣው «ሻፍት» ለተባለው ፊልም ሙዚቃ ሠርቶ በመዝሙሩ የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል። በ1972 በሎስ አንጀለስ ስታዲየም ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የተሰበሰበበት የሶል ድግስ «ዋትስታክስ» ተብሎ ሙሉ ፊልም ሆኖ ወጥቷል። የእነዚያ ሰዎች ወጣትነት እንግዲህ በድምፅም በሥዕልም ተቀምጧል። የዛሬ ተማሪ ቢፈልግ ላባቸውን ሳይቀር ያየዋል።

በእኛ አገር በዚያው ዘመን የተሠሩት ረዣዥም ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የሚዘፍን ወጣት ሞልቶ ነበር፤ የሌሊቱ አዲስ አበባም ከብዙ ከተማ የሚያንስ አልነበረም። ካሜራውን ተሸክሞ ወደ ዳንስ ቤቱ የሚገባ ሰው ግን ብርቅ ነበር። እኔና ተማሪዎቼ በየስልካችን ፈልገን ያየናቸው የዓለማየሁ ምስሎች አብዛኞቹ የሽምግልናው ዘመን ናቸው። ወጣቱን ዓለማየሁ የምናገኘው በሸክላ ሽፋን ፎቶግራፍ ላይና ከሸክላው በሚወጣው ድምፅ ውስጥ ነው።

ያ ድምፅ እንኳ የተረፈልን አንድ ሌላ ወጣት ደፍሮ ስለ ነበር ነው። ከ1948 ጀምሮ በአገሪቱ ሸክላ የማሳተሙና የማስመጣቱ መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። ሥራው ግን ከዘመኑ ወጣቶች ሙዚቃ ጋር እኩል መራመድ አልቻለም። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ሕጉን እያወቀ የራሱን ሸክላ አሳተመ። ማተሚያው እዚህ ስላልነበረ ሸክላው ሕንድ አገር ተጨፍልቆ መጣ። የመጀመሪያው የአምሃ ሪከርድስ ሸክላ የዓለማየሁ ነው፤ በአንዱ ፊቱ «ትማርኪያለሽ»፥ በሌላው «ያ ታራ»። አምሃ አልታሰረም፤ እንዲያውም እስከ 1975 ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ሸክላዎች አወጣ። የሁለቱ አባቶች ስም አንድ መሆኑን አይቶ ወንድማማች ናቸው የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ዝምድና የላቸውም። ግን ነገሩ እንዲህ ሆነና አምሃም ሚያዝያ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. አረፈ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ፥ በአራት ወር ልዩነት።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንድ ፊቱ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ፥ ቢበዛ አራት ደቂቃ የሚያህል ነው። ሌላው ዘፋኝ በሦስት ደቂቃ ዜማ ይዘፍንበታል። ዓለማየሁ ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው ሆኖ ይገባል፤ ያ ሰው ሆኖ ይኖራል፤ ያ ሰው ሆኖ ይወጣል። «ጭሮ አዳሪ ነኝ» የሚለውን ስሙት። ጭሮ አዳሪ ማለት እንደ ዶሮ መሬቱን ጭሮ የሚበላ፥ የዛሬን ዛሬ የሚያድር ሰው ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ አልተረጉምም፤ ከወር ደመወዝ በፊት ባሉት ዐሥር ቀኖች ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚህ ዘፈን ውስጥ ድምፁ አንዴ ይለፈልፋል፥ አንዴ ይቆማል፥ አንዴ እንደ ተወጋ ሰው ይጮኻል፤ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ከኋላው እንደ መንደር ሰው ይመልሱለታል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙት ኪሱን ገልብጦ የሚያሳይ ሰው ይታያችኋል። ኪስ መገልበጡ በዜማው ላይ አልተጻፈም፤ ተዋናዩ ነው ያመጣው።

ይህን ያደረገው ብቻውን አልነበረም። ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ አብሮት ነበር፤ ሁለቱ ከየስማቸው ወስደው «ዓለም-ግርማ» የተባለውን ባንድ አቋቁመው ነበር። የሸክላዎቹን ሙዚቃ ልብ ብሎ የሰማ ሰው የሚያስተውለው ነገር ድምፃዊው እንዲተውን ቦታ የሚለቅለት ሰው መኖሩን ነው። መሣሪያዎቹ ዝም የሚሉበትን ሰዓት ያውቃሉ። በዛሬው ዘመን ቀረጻ የሚያናድደኝ ይኸ ነው፤ አንዲት ባዶ ቅንጣት አይተዉም፥ ሁሉን ይሞሉታል።

ብዙ ሰው ስለ ጩኸቱ ሲናገር ከጄምስ ብራውን የተቀዳ ነው ብሎ ያልፋል። እኔ በበኩሌ እዚያ ላይ አልቆምም። ጄምስ ብራውን ጩኸቱን ከቤተ ክርስቲያን ሰባኪዎች አመጣው እንላለን፤ ታዲያ የዓለማየሁን ጩኸት የሚሰማ የእኛ አገር ጆሮስ ምን ያስታውሰዋል? ለእኔ የሚመጣብኝ ቀረርቶ ነው። በሠርግና በተዝካር ማግሥት አንዱ ተነሥቶ ሲያቅራራ፥ ቃሉ አልቆ ድምፁ ብቻ የሚቀርበት ቅጽበት አለ። ምቱ የአሜሪካ ቢሆንም ቅኝቱ የገዛ ቤታችን ነው፤ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰል፥ አንቺሆዬ። ከአራቱ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ የወሎ የቦታ ስሞች መሆናቸውን የዚህ አገር ልጅ ከመምህሩ ቀድሞ ያውቃል። ከደሴ ተነሥቶ ወደ መካነ ሰላም በሚወጣው መንገድ፥ ከሁለት ሰዓት በላይ የተጓዘ ሰው በአውቶቡሱ ቴፕ እነዚህን ቅኝቶች ሳይሰማ አይወርድም። ስለዚህ «የአሜሪካ ዘፋኝ ነው» ያሉት ተማሪዎቼ ግማሽ ዘፈን ሳይሰሙ አሳባቸውን ለወጡ።

ተማሪዎቼን ካነሣሁ ዘንድ የማሻውን ነገር ልንገራችሁ። በ12ኛ ክፍል አንድ ቀን ስለ ምክር ግጥም ስንነጋገር «ተማር ልጄ» የሚለውን ዘፈን አሰማኋቸው። ድምፅ ማጉያ ስላልነበረን ስልኩን ብርጭቆ ውስጥ አቆምነው፤ እንደዚያ ሲደረግ ድምፁ ይጎላል። ዘፈኑን የማያውቅ አልነበረም። ዘመድም ሀብትም ሊያወርስ የማይችል ወላጅ ልጁን ተማር የሚልበት ነው፤ በአገራችን ከዚህ ዘፈን የበለጠ በወላጆች አንደበት የተደጋገመ ያለ አይመስለኝም። ሲያልቅ አንዱ ከኋላ ተነሥቶ፥ «ቲቸር፥ ወንድሜ ተመርቆ ሦስት ዓመት ቤት ተቀምጧል። ይህን ዘፈን ለእሱስ ማን ይዘፍንለታል?» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። ሌላው ቀጥሎ፥ «ይህ ሰውዬ ሲዘፍነው ልጅ ነበረው ወይ?» ብሎ ጠየቀ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የክፍል ውስጥ መልስ የለኝም። ሁለተኛው ግን ብዙ ቀን አብሮኝ ቆየ፤ ስለ ልጁ ብዛት አይደለም፥ ስለ ዕድሜው ነው እንጂ። ሸክላው በተቀረጸበት ዘመን ዓለማየሁ ገና ወጣት ነው፤ ምክር የሚሰጥበት ዕድሜ ላይ አልደረሰም። እንግዲህ ያ የምንሰማው አባት የተሠራ አባት ነው። ወጣቱ የሽማግሌ ካፖርት ደርቦ፥ ድምፁን አክብዶ፥ የተቸገረ ወላጅ ሆኖ ቆሟል። ምፅዋ ላይ የቀረው ተዋናይ እዚህ ወጣ ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን የፊልም ሥራ አለ?

በማግሥቱ ለዚያው ክፍል ያንኑ ዘፈን በስተርጅናው ሲዘፍነው የተቀረጸውን በስልክ አሳየኋቸው፤ በየተራ አራት አራት እየሆኑ አዩት። ጠጉሩ ሸብቷል፥ ልብሱ ግን እንደ ድሮው የተሰናዳ ነው። አይዘልም፤ እጁን ብቻ ያነሣል። አንዲት ተማሪ አይታ ስትጨርስ፥ «ትናንት ይመክር ነበር፤ ዛሬ ይለምናል» አለች። ከዚህ የተሻለ የሙዚቃ ሂስ በጋዜጣ አላነበብሁም።

በሁለቱ ቀረጻዎች መካከል ያለው ዘመን ቀላል አልነበረም። ከ1974 ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አንገት አነቀው። አምሃ በ1975 አገር ጥሎ ወጣ፤ ግርማም በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ለረዥም ዓመታት ቀረ፤ ሸክላም በካሴት ተተካ። ዓለማየሁ ግን አገሩ ላይ ቆየ። ድሮ የተቀረጸው ድምፁ እንደ ገና ዓለም የሰማው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኢትዮጲክስ» ብሎ በሚያወጣቸው ሲዲዎች ነው፤ 9ኛው ቅጽ በ2001፥ 22ኛው ቅጽ በ2007 ለዓለማየሁ ብቻ የተሰጡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ መድረኩ ተከፈተለት። ከፈረንሳዩ ባዱምስ ባንድና ከቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ ጋር እየሆነ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ። በነሐሴ 2008 ኒው ዮርክ፥ ሊንከን ሴንተር በሚባለው ታላቅ የጥበብ ስፍራ ከመሐሙድ አሕመድ ጋር ዘፈነ። በሆሊውድ በኩል ባይሆንም፥ የ67 ዓመት ሰው ሆኖ በመጨረሻ አሜሪካ በመድረክ ላይ አየችው። አይዛክ ሄይስ የሞተውም በዚያው ወር ነው።

አንዳንድ የሙዚቃ ወዳጆች እነዚህን የኋላ ቀረጻዎች ባይወጡ ይመርጡ ነበር። ድምፁ ደክሟል፥ ትንፋሹ አጥሯል፥ የወጣትነቱን ሸክላ ያበላሽብናል ይላሉ። ድምፁ መድከሙን አልክድም። ነገር ግን የድሮውን ብቻ እንስማ የሚል ሰው ዘፋኙ በሠላሳ ዓመቱ ቢሞትለት የሚመርጥ ይመስላል። ደግሞም ምስል በጠፋበት አገር ያለውን ምስል ማቃለል ቅንጦት ነው። ማቺየይ ቦህኒያክ የተባለ ፖላንዳዊ በ2017 ስለ ዚያ ዘመን ሙዚቃችን ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል፤ እዚያም ቢሆን ታሪኩን የሚሸከሙት በአብዛኛው ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው የሚያወጉት ወግ ነው። ወጉ ጣፋጭ ነው። ወግ ግን ዳንስ አይሆንም።

ይህን ከሚያነቡት መካከል በየባህል ቢሮው፥ በየማሰራጫው፥ በየመዝገብ ቤቱ አዲስ የተቀጠራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መደርደሪያችሁ ላይ በላዩ ላይ «ሙዚቃ፥ ልዩ ልዩ» ተብሎ ብቻ የተጻፈበት የቴፕ ወይም የፊልም ካርቶን ብታገኙ፥ እባካችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ከፍታችሁ እዩት፤ ማን እንደሚዘፍን፥ ማን እንደሚያጅብ የሚያውቅ ጡረተኛ በሕይወት እያለ ጠይቃችሁ ስሙን በእስክሪብቶ ጻፉበት። አለቃ ሳይፈርምበት የሚሠራ ሥራ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ፥ ዓለማየሁን ያልሰማ ሰው ከየት ይጀምር ብላችሁ በደብዳቤ ለጠየቃችሁኝ፥ የእኔ ቅደም ተከተል ይኸ ነው። መጀመሪያ «ትማርኪያለሽ»፤ አምሃ እስር ቤት ያስገባኛል ብሎ የፈራበት ሸክላ መሆኑን እያሰባችሁ። ቀጥሎ «አዲስ አበባ ቤቴ»፤ በተለይ ከአገር ቤት መጥታችሁ አራት ኪሎ አካባቢ ክፍል የተከራያችሁ። ከዚያ «ተማር ልጄ»፤ በመጀመሪያ የወጣቱን፥ ኋላ የሽማግሌውን። የወጣቱን ስትሰሙ ስልኩን በፊቱ ደፍታችሁ አስቀምጡት፤ ሌላ ሥዕል እንዳይገባባችሁ። «ጭሮ አዳሪ ነኝ»ን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ድምፁንም ከፍ አድርጉት። ጎረቤት ግድግዳ ቢደበድብ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ መሆኑን ንገሩት።